ዋርድ ለገባችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ሐሙስ ማታ ደውለሽ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ምጥ የያዛትን ሴት ስድስት ተማሪዎች ማንም ሳያስፈቅዳት በየተራ መረመራችኋት። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች። አንቺም ተራሽ ሲደርስ ጓንትሽን አጥልቀሽ ቀረብሽ። "እማ፣ ሁሉም ዝም ሲል እኔ ምን ልበል?" አልሽኝ። ስልክ ላይ መልስ ጠፋኝ።

ስለ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ልንገርሽ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ማንም አልነገረኝም፤ ሥራ ከያዝኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያነበብኩት።

ቦታው ጃፓን ነው፣ ፉኩኦካ ከተማ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1945 አንድ የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ኪዩሹ ደሴት ላይ ወደቀ። አዛዡን ለምርመራ ቶኪዮ ወሰዱት፤ እሱ ተረፈ። ስምንት ምርኮኞች ግን ለዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች ተሰጡ። እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ስምንቱም ጠረጴዛ ላይ አለቁ። የአንዱን ሳንባ አወጡ፣ የሌላውን ጉበት ቆረጡ። የባሕር ውሃ ደምን ይተካ እንደሆነ ለማየት በደም ሥር ሰጧቸው። ሥራውን የመራው ፕሮፌሰር ፉኩጂሮ ኢሺያማ ነበር።

ቶሺዮ ቶኖ የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪም እዚያ ነበር። የባሕር ውሃውን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ደሙንም ከወለሉ ላይ አጥቧል። በስተርጅና እንደተናገረው፣ ምርኮኛው ሊያክሙት ያስገቡት ሳይመስለው አልቀረም።

ልጄ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ሰው ነጭ ጋዎን ሲያይ ይረጋጋል። ኦፕሬሽን ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ስንቱ ጣቴን እንደጨበጠ ማደንዘዣው ወስዶታል። ያም ሰው እንደዚያው አምኖ ነው የተኛው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ነገሩ ተደበቀ። ምርኮኞቹ ሂሮሺማ ተልከው በአቶሚክ ቦምቡ ሞቱ ተባለ። የአሜሪካ መርማሪዎች ግን ደረሱበት። ኢሺያማ በ1946 እስር ቤት ውስጥ ራሱን ሰቀለ። ዳኛ ፊት ሳይቆም መሄዱ እስከዛሬ ያናድደኛል። በ1948 ዮኮሃማ ላይ 30 ሰዎች ቀረቡ፣ መኮንኖችም የሆስፒታል ሰዎችም። 23ቱ ጥፋተኛ ተባሉ፤ አምስቱ ሞት፣ አራቱ ዕድሜ ልክ፣ የቀሩት የተለያየ እስራት ተፈረደባቸው። የምርኮኛ ጉበት ተበልቷል የሚለው ክስ ግን አልጸናም። ሰው ዛሬም ቀድሞ የሚያወራው እሱን ነው። ምን ያደርጋል፣ የተረጋገጠው መች አነሰና!

ዋና ነርሷም ተፈርዶባታል፣ አምስት ዓመት። እኔ ዋና ነርስ ሆኜ ስለሠራሁ እሷን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የሚያቀብል እጅ ከሌለ ሰርጅን ብቻውን ምን ይሠራል?

ከሁሉም በላይ የማስበው ግን ረዳት ፕሮፌሰሩን ታሮ ቶሪሱን ነው። ነገሩ እንዲቀር አለቃውን ኢሺያማን ጠይቋል፤ አልሰማውም። በመጀመሪያዎቹ ኦፕሬሽኖች ላይ ቆሞ ረዳ፣ ከዚያ በኋላ መግባት ተወ። ሞት ተፈረደበት፣ ኋላ ወደ አሥር ዓመት ዝቅ አለለት። በ1950 የሞት ፍርዱ ሁሉ ተነሳ፤ በ1958 እስር ቤት የቀረ አልነበረም። የሟቾቹ እናቶች ይህን ሲሰሙ ምን ብለው ይሆን?

ያንቺን ከዚያ ጋር እኩል አላደርገውም። ያስፈራኝ ተራ መጠበቁ ነው። ሁሉም ተራውን ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ይሠራል።

እኔም ዝም ብያለሁ። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። እግራቸው ሊቆረጥ ነው፤ ማንም አልነገራቸውም። በስትሬቸር ስገፋቸው "ልጄ፣ ምን ሊያደርጉኝ ነው?" አሉኝ። ሐኪሙ ይንገራቸው ብዬ "ምንም አይሉዎትም፣ አባባ" አልኳቸው። ሲነቁ በብርድ ልብሱ ሥር እግራቸውን በእጃቸው ፈለጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

ለዚህ ነው ሐሙስ ማታ መልስ የጠፋኝ።

ሴትየዋ ገና ካልወጣች ሰኞ ጠዋት፣ ሌሎቹ ሳይመጡ፣ ብቻሽን ሂጂ። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጪ። ስሟን ጠይቂያት። ሳታስፈቅጂ ስለነካሻት ይቅርታ በያት። ብትቆጣሽም አድምጫት። ከወጣችም ቀጥላ ለምትገባው ሴት፣ ጓንቱን ሳታጠልቂ በፊት፣ ማን እንደሆንሽና ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪያት። አይሆንም ካለችሽ እጅሽን ሰብስበሽ ውጪ። አስተማሪሽ ቢቆጣ ለእኔ ደውዪ።

ማታ ስልኬን አላጠፋም።

እናትሽ