ክራር በኬሞ ክፍል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እናቴ የጡት ካንሰር ታማሚ በመሆኗ በየ21 ቀኑ ከድሬዳዋ ሐረር እየተመላለስን ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ስትወስድ ቆይታለች። መድኃኒቱ ገና ሳይጀመርላት፣ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ያቅለሸልሻት ነበር። በአምስተኛው ዙር ከአጠገባችን የነበሩትን አዛውንት ሊጠይቅ የመጣ የልጅ ልጃቸው ክራሩን ይዞ ስለነበር፣ ነርሷን አስፈቅዶ ዝግ ባለ ድምፅ ይደረድርላቸው ጀመር። እናቴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ጣቶቿ ቀስ በቀስ ተፈቱ፤ በአንድ እጇ ላይ መርፌ ስለነበረ በእግሯ አውራ ጣት ምቱን ትከተል ጀመር። ልጁም ይህን አይቶ ወደ እርሷ ዞር አለና ምቱን ከእግሯ ጋር አስተካከለ፤ ስታንቀላፋም ይበልጥ አዘገመው። በስልክ የተከፈተ ዘፈን ግን ሰሚው ቢተኛም ቢያለቅስም እንደጀመረ ይቀጥላል።

ሙዚቃ ዕጢን አያጠፋም፤ የሐኪምንም መድኃኒት አይተካም። ሆኖም ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ 81 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሙዚቃ የካንሰር ታማሚዎችን ጭንቀት፣ ሕመምና ድካም ሊያቀልል እንደሚችል አመልክቷል። የማስረጃዎቹ ጥንካሬ እኩል ባይሆንም፣ ወጪው ጥቂት ለሆነ ነገር ይህ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ ካንሰር የሚያክሙ ሆስፒታሎች በሳምንት ለግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቀኛ በኬሞ ክፍል እንዲጫወት እንዲፈቅዱ እጠይቃለሁ። ምርጫው የታማሚው ይሁን። ሁሉም ዘፈን ለሁሉም ሰው አይሆንምና፤ በተለይ የትዝታ ቅኝት ሆዱ የባሰውን ሰው ከማጽናናት ይልቅ ሊያስለቅሰው ይችላል፤ ማልቀስ የሚያሳርፈው ሰው መኖሩንም አልክድም። አንዱ መዝሙር፣ ሌላው የእስልምና ዚክር፣ ሌላዋ የኦሮምኛ ወይም የሶማሊኛ ዘፈን ይሻሉ፤ በሁለቱ ከተሞች ይህን ሁሉ የሚችል ሰው አይጠፋም። ዝምታ የሚፈልግ ታማሚም ፍላጎቱ ሊከበርለት ይገባል። ኬሞ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም፣ ጉንፋን የያዘው ሙዚቀኛ እንዳይገባ፣ የሚገባውም እጁን ታጥቦ መሣሪያውን በንጽሕና እንዲይዝ ነርሶቹ ሊቆጣጠሩ ይገባል።

እናቴ በስድስተኛው ዙር ገና ደንገጎ ላይ ሳለን «ያ ባለክራር ዛሬም ይመጣ ይሆን?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አልመጣም። ፈቃድ የሚሰጥ ሆስፒታል ከተገኘ፣ በድሬዳዋ የማውቃቸውን ሁለት ክራር ደርዳሪዎች የመጓጓዣቸውን ከፍዬ ይዣቸው ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ