ማርሲያኖ አልተሸነፈም፣ ግን ማንን ገጠመ?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ባወጣችሁት የቦክሰኞች ደረጃ ሮኪ ማርሲያኖን 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም ስላሸነፈ ብቻ ከመሐመድ አሊ በላይ ማስቀመጣችሁ እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ላይ ትንሽ ጭቅጭቅ አስነስቷል። እኔም ዝም ማለት አቃተኝ። ሪከርዱ ያስደንቃል፣ አልክድም። ግን ማንን መታ? እ.ኤ.አ. በ1951 ጆ ሉዊስን ሲዘርረው ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፣ የግብር ዕዳ ወደ ሪንግ የመለሰው ሰውዬ እኮ ነው! ዋልኮትም ማርሲያኖን ሲገጥም 38 ዓመት ሞልቶት ነበር። ኤዛርድ ቻርልስ ግን ይከበርልኝ፣ በ1954 አንዴ 15 ዙር አስለፋው፣ በመልሱ ደግሞ አፍንጫውን ሰነጠቀው።

አሊ 5 ጊዜ ተሸንፏል፣ እሺ። ግን ሊስተንን ሁለቴ፣ ፍሬዘርንና ኖርተንን ሦስት ሦስት ጊዜ ገጥሟል፤ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ደግሞ 40 ግጥሚያ ሳይሸነፍ የመጣውን፣ ፍሬዘርንም ኖርተንንም በሁለት በሁለት ዙር የጨረሰውን ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘረረው። ይሄ ከዜሮ ሽንፈት ጋር ይወዳደራል እንዴ? ላሪ ሆልምስም በ1985 በስፒንክስ ባይሸነፍ ኖሮ እሱም ያለ ሽንፈት 49 ድል ይሞላለት ነበር፣ ያኔ እሱንም ከአሊ በላይ ልታደርጉት ነው?

በሚቀጥለው ደረጃ ስታወጡ የተጋጣሚዎቹን ስምና ዕድሜ አብራችሁ አትሙልን።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ