አላይመንት የጎማ ዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ የምንመላለስ አሽከርካሪዎች ስለ ፍሬን ደጋግመን ስንነጋገር፣ አላይመንትን፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫና አጋደል ማስተካከልን፣ የምናስታውሰው ግን ጎማ ያለ ጊዜው ሲያልቅብን ብቻ መሆኑ ስለሚያሳስበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ባለፈው ክረምት ጉድጓድ ከገባች በኋላ አንድ ጋራዥ መሪዋን ቀጥ አድርጎ መለሰልኝ፤ ከተማ ውስጥ በ40 እና በ50 ስነዳት እንከን አላየሁባትም። ቱሉ ዲምቱን አልፌ ፍጥነቱ 100 ሲደርስ ግን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ትል ጀመር፤ ወደ አዳማ ስንቃረብም የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን የሚያሽከረክረው ያ ነፋስ ከጎን ሲመታን መስመሬን መጠበቅ አቃተኝ። እንደ ደረስኩ የፊት ጎማውን በመዳፌ ዳሰስኩት። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲመለሱበት ግን እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ ይይዛል።

ኋላ በማሽን ሲለካ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊት በኩል ወደ ውጭ ተከፍተው ተገኙ፤ የተከፈቱት እኩል ስለነበር መሪው ቀጥ ብሎ ማንንም አላስጠረጠረም። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ የፊት ጫፉ ከኋላ ጫፉ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋተገ ይሄዳል። ወደ ውጭ የተከፈቱ ጎማዎች ወደየራሳቸው ስለሚስቡ ነፋስ ወይም ጉብታ ክብደቱን ወደ አንዱ ሲያጋድለው መኪናው ያንኑ ጎማ ይከተላል። አምራቹ በወሰነው ልክ በጣም ጥቂት ወደ ውስጥ ሲያዩ ግን አንዱ የሌላውን ግፊት ስለሚመክት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከልኩ ካለፈ ደግሞ ጎማ ይበላል።

መሪን ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ መሀል የሚመልሰው ካስተር ነው፤ ይኸውም የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ከላይ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች ይህ የሚስተካከልበት ብሎን ስለሌለ፣ የቀኙና የግራው ልኬት አምራቹ ከፈቀደው በላይ ከተለያየ የተጣመመ ወይም ከቦታው የተንሸራተተ ዕቃ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። የኋላ ጎማዎች መዛነፍም መኪናውን በአግድም ስለሚያስኬደው አራቱም መለካት አለባቸው። መሪው የሚንቀጠቀጠው ከ80 በላይ ብቻ ከሆነ ግን አስቀድሞ ባላንሱ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል መሆኑ፣ ይታይ።

ስለዚህ የጋራዥ ባለቤቶች፣ የጎማው ነፋስ ሳይስተካከልና የላላ የመሪ መጋጠሚያ ሳይቀየር አላይመንት እንዳይሠሩ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነበበውን ልኬትም በወረቀት አትመው ለደንበኛው እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛም ያንን ወረቀት ሳንቀበል ገንዘብ አንክፈል።

የጋዜጣው አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ