የላንጋኖ ጉዞ፦ ቅዳሜ ብስክሌቶቻችንን እናዘጋጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ3 ቀኑ የላንጋኖ ጉዞ በየቀኑ የምንነዳቸውን ብስክሌቶች ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሐዋሳ አሞራ ገደል መግቢያ ተገናኝተን እናስተካክላለን። አዲስ መግዛት አያስፈልግም።

ዋናው ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ ነው። ስንመለስ ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ያለው ዳገት ረጅም ነው፤ የኋላ ጥርሱን በትልቅ ያስቀየረ ሰው ብዙ ጉልበት ያተርፋል። የፍሬን ጎማው ያለቀበትም ከወዲሁ ይቀይር፤ የተጫነ ብስክሌት ቶሎ አይቆምም። እባካችሁ ቦርሳ በጀርባ ማዘል ይቅር፣ ወገብ ይጎዳል። ዕቃው ለሁለት ተከፍሎ ከኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ከ10 ኪሎ አይብለጥ።

ትርፍ ካላማዳርያ፣ መንፊያ፣ መለጠፊያ፣ የብሎን መፍቻና የምትጭኑትን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። እንደተጫነ ሻሸመኔ ድረስ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነድተን እንሞክረዋለን።

መጫኛ የሌላችሁ ብየዳ ቤት ስለምናሠራ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁን።