የጋራዡን ዕቃ ለማን ትሰጫለሽ?

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር የቤቱ የቀድሞ ባለቤቶች ጋራዡን ከነኮተቱ ጥለውልሽ እንደሄዱ፣ በማስታወቂያ ያገኘሽው ባለ ቫን ሰው ደግሞ በ80 ፓውንድ ሁሉንም ጠራርጎ ሊወስድልሽ እንደተስማማ ስትነግሪኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መስማማት ቆጥረሽው ይሆናል፤ ነገሩ ግን በስልክ ለማስረዳት የማይመች፣ በከፊልም የሚያሳፍረኝ ስለሆነ ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ ከእናትሽ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍልሽና፣ ዕቃውን ራስሽ የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) ወደሚያስተዳድረው የቆሻሻ ማስረከቢያና የሪሳይክሊንግ ማዕከል እንድትወስጂው የምፈልገው ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

አንቺ ዩኒቨርሲቲ በነበርሽበት ጊዜ አሮጌውን ፍራሽና የጽሕፈት ጠረጴዛዬን ልክ እንደዚሁ ለአንድ ባለ ቫን ሰው ሰጥቼ ነበር። ስሙን አልጠየቅሁትም፣ ደረሰኝም አልተቀበልኩም፤ ጥሬ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት፣ አመስግኖኝ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአንድ የአካባቢ አስተዳደር የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፍራሹ ከከተማ ውጭ በሚገኝ ጠባብ የገጠር መንገድ ዳር፣ ጠረጴዛው ደግሞ እዚያው ቦይ ውስጥ ተገልብጦ ተገኝቷል፤ በመሳቢያው ውስጥ የቀረው ፖስታ ላይ ስሜና አድራሻዬ በግልጽ ይነበባል። የጣልኩት እኔ አይደለሁም ብዬ ብጽፍም የጠየቁኝ ማን ጣለው ብለው ሳይሆን ለማን ሰጠኸው ብለው ስለነበር መልስ አጣሁ፤ ቅጣቱንም ከፈልኩ። በእንግሊዝ ሕግ ማንኛውም ባለቤት ወይም ተከራይ የቤቱን ቆሻሻ ለተፈቀደለት ሰው ብቻ የማስረከብ ግዴታ አለበት። ይህን ሳያጣራ የቀረ ሰው ላይ ካውንስሉ ያለ ፍርድ ቤት ሊጥልበት የሚችለው ቅጣት ከ2023 ወዲህ እስከ 600 ፓውንድ ደርሷል። ከ80 ፓውንዱ ጋር አወዳድሪው።

ባለ ቫን ሁሉ አጭበርባሪ ነው እያልኩሽ አይደለም። ቆሻሻ ለማጓጓዝ የተመዘገቡ ብዙ ሐቀኛ ሰዎች አሉ፤ የመዝገብ ቁጥራቸውን ጠይቀሽ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ለሕዝብ ክፍት ባደረገው መዝገብ ላይ በነጻ ማመሳከር፣ ዕቃው የት እንደሚራገፍ መጠየቅና ደረሰኝ መያዝ ይበቃል። የአንቺን ሰው ቁጥሩን ጠይቂውና የሚመልስልሽን ስሚ። እኔ ግን የጋራዥሽን ዕቃ በፎቶግራፍ እንዳየሁት ከሆነ፣ ከሦስት የመኪና ጉዞ ለማይበልጥ ነገር ማንንም መቅጠር አያስፈልግሽም።

ማዕከሉን ጎረቤቶችሽ «ቲፕ» ሲሉት ትሰሚያለሽ። ስሙ ቆሻሻ የሚደፋበት ጉድጓድ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በየአካባቢው እንዲኖር ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1967 ዱንካን ሳንዲስ የተባሉት የፓርላማ አባል አቅርበው ያስጸደቁት ሕግ ነው። ያ ሕግ በይበልጥ የሚታወቀው ታሪካዊ ሰፈሮችን በማስጠበቁ ስለሆነ፣ የአሮጌ ፍራሽ ማስረከቢያና የጥንታዊ ሕንፃ ጥበቃ ከአንድ ሕግ መውጣታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ሲያስቡት ግን መንገድ ዳር የተጣለ አልጋና የፈረሰ ጥንታዊ ሕንፃ የአገርን መልክ በማበላሸት ያው ናቸው። ነዋሪ የቤቱን ቆሻሻ ያለ ክፍያ የማስረከብ መብቱ በ1990 በወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግም ቀጥሏል። ወጪውን የምትሸፍኚው በካውንስል ታክስሽ ስለሆነ ማንም ውለታ እየዋለልሽ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንዳያደናግርሽ። አንቺ የገባሽበት አካባቢ ሁለት ካውንስሎች ያሉበት ነው፤ የየሳምንቱን የቆሻሻ ቢን ከደጅሽ የሚያነሣው የወረዳው ካውንስል ሲሆን ማዕከሉን የሚያስተዳድረው ግን ብዙ ወረዳዎችን ያቀፈው የካውንቲው ካውንስል ነው። ለአንዱ የሚጠየቀውን ለሌላው ደውለሽ ብትጠይቂ ግማሽ ቀን ስልክ ላይ ትቆሚያለሽ። ከመሄድሽ በፊት ማየት ያለብሽ የካውንቲውን ድረ ገጽ ነው። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ማዕከሎች አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝን ስለለመዱ፣ የአንቺም ይህን የሚጠይቅ መሆኑን፣ የነዋሪነት ማስረጃ ይዘሽ መቅረብ ይኖርብሽ እንደሆነ፣ እንዲሁም ቫን ብትከራዪ ወይም ተጎታች ብትቀጥዪ ልዩ ፈቃድ ያስፈልግሽ እንደሆነ አረጋግጪ። የአጎትሽን ቫን ለመዋስ አስበሽ ከሆነ ደግሞ በብዙ ማዕከሎች መግቢያ ላይ የከፍታ መገደቢያ ብረት እንዳለ አትርሺ፤ እኔ ጣሪያው ላይ መሰላል ጭኜ ሄጄ ከበሩ ተመልሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የማዕከሉ ሥራ የሚጀመረው እዚያ ስትደርሺ ሳይሆን ጋራዥሽ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ሁሉንም ነገር በጥቁር ከረጢት አጭቄ ነበር። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው ሠራተኛ አስቆመኝና ከረጢቶቹን በሰው ፊት አንድ በአንድ እንድፈታ አደረገኝ፤ ከውስጡ ጋዜጣ፣ የተሰበረ ራዲዮ፣ ጠርሙስና አሮጌ ጫማ ተዘረገፈ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መልኬን አይቶ ነው ብዬ ቂም ያዝኩ። ዕቃዬን እየለየሁ ሳለ ግን ከኋላዬ የመጡትን አንድ ነጭ ሽማግሌ ልክ እንደኔ ከረጢታቸውን ሲያስፈታቸው አየሁና በራሴ አፈርኩ። ምክንያቱን የገባኝ ቆይቶ ነው። ወደ መቅበሪያ በሚሄድ እያንዳንዱ ቶን ቆሻሻ ላይ መንግሥት ግብር ይጥላል፤ ግብሩ በኦክቶበር 1996 ሲጀመር በቶን 7 ፓውንድ የነበረ ሲሆን በኤፕሪል 2025 ግን 126.15 ፓውንድ ደርሷል። ያልተለየ ከረጢት በቀጥታ ለካውንስሉ ወጪ ነው፤ ሰውየው የሚጠብቀው ያንቺንም ታክስ ነው።

ስለዚህ ዕቃውን ጋራዡ ወለል ላይ በየዓይነቱ ከምሪው፦ እንጨት ለብቻ፣ ብረት ለብቻ፣ ካርቶን ለብቻ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሁሉ ለብቻ። ልጅ ሳለን የሰፈራችን ቆራሌው ከረጢቱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ብረቱንና ጠርሙሱን በዓይኑ ብቻ እየለየ ዋጋ ይደራደር እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እሱ ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ይስቅብኝ ነበር። መኪናው ላይ ስትጭኚ መጨረሻ የምታራግፊውን መጀመሪያ አስገቢ፣ ወፍራም ጓንትና ጣት የሚሸፍን ጫማ አድርጊ። ማንኛውንም መሳቢያና ፋይል ከፍተሽ ሳታዪ እንዳታስረክቢ፤ የኔን ፖስታ አስታውሺ። አሮጌው ኮምፒውተር ካለም የውስጥ መረጃው መደምሰሱን ሳታረጋግጪ አትስጪው።

በፎቶግራፉ ላይ ያየሁት ቡናማ ሶፋ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የቤት ዕቃ የእሳት ደኅንነት ደንብ ስፖንጅና ጨርቅ በቀላሉ እንዳይቀጣጠል ስላስገደደ፣ አምራቾች ሶፋዎቹን በኬሚካል ይነክሯቸው ጀመር። ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ በተፈጥሮ የማይበሰብሱ፣ በሰውና በእንስሳት ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀሙ መርዞች ሆነው ተገኙ። በዚህ ምክንያት ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የተጣለ ሶፋ፣ ባለ ትራስ ወንበርና የመሳሰሉት ከሌላ ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀሉ ተነጥለው መቃጠል አለባቸው እንጂ ሊቀበሩ አይችሉም። ስለዚህ ሶፋውን ሰባብሬ እንጨቱን ከእንጨት፣ ጨርቁን ከጨርቅ ጋር አደርጋለሁ እንዳትዪ፤ ያ መልካም የሚመስል ድካም መርዙን ወደማይገባበት ያደርሰዋል፣ አቧራውንም ወደ ሳንባሽ። እንዳለ ውሰጂውና የት እንደሚቀመጥ ጠይቂ። ገና የሚያገለግል መስሎ ከታየሽ ደግሞ ከሥሩ ወይም ከትራሱ ሽፋን ላይ የተሰፋውን የእሳት ደኅንነት ምልክት ፈልጊ፤ ምልክቱ ካለ የበጎ አድራጎት ሱቅ ሊወስድልሽ ይችላል፣ ከሌለ ግን የቱንም ያህል ቢያምር መሸጥ ስለማይፈቀድላቸው አይቀበሉሽም።

ፍሪጁንም ወደ ብረት ክምር እንዳትወረውሪው። በአሮጌ ፍሪጅ ቱቦ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በግድግዳው ስፖንጅ ውስጥም የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ጋዝ ተይዟል። በ2002 መጀመሪያ ላይ ይህ ጋዝ ከስፖንጁም ጭምር እንዲወጣ የአውሮፓ ሕግ ሲያስገድድ፣ አገሪቱ ለዚያ የሚሆን ፋብሪካ አዘጋጅታ ስላልነበር ፍሪጆች በየሜዳው እንደ ተራራ ተከምረው በየጋዜጣው ሲታዩ አስታውሳለሁ። ፍሪጁን ቀጥ አድርገሽ አጓጉዢው፣ ውስጡን ባዶ አድርጊ፣ ቱቦውን አትቁረጪ።

ከሁሉ ይበልጥ የማሳስብሽ ባትሪን ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ በቆሻሻ መኪኖችና በመለያ ፋብሪካዎች ውስጥ ለሚነሣ እሳትም ዋነኛ መንስኤ ሆኗል። ባትሪ ያለው ደግሞ ባትሪ የሚመስለው ነገር ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ፣ የልጆች አሻንጉሊት፣ የገመድ አልባ መጥረጊያ፣ ሰዎች የሚያጨሱት ቬፕም ጭምር ነው። በቀላሉ የሚወጣውን አውጥተሽ ለባትሪ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ አድርጊ፣ የማይወጣውን እንዳለ ለሠራተኛው አሳዪው። ትንንሾቹን ባትሪዎች ለማስረከብ ማዕከሉ ድረስ መሄድም አያስፈልግሽም፤ በዓመት ከ32 ኪሎ ግራም በላይ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ያገለገለውን በነጻ መልሶ የመቀበል ግዴታ አለበት።

ቀለሙን በተመለከተ አጭር ነው፦ ብዙ ማዕከሎች ፈሳሽ ቀለም አይቀበሉም፣ በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ አድርቀሽ ክዳኑን ከፍተሽ ውሰጂ። የጋዝ ሲሊንደር ካገኘሽ አብዛኛውን ጊዜ ንብረትነቱ የአቅራቢው ኩባንያ ስለሆነ ለእሱ ይመለሳል።

መታጠቢያ ቤቱን ራስሽ ልታድሺ እንደሆነ ስለነገርሽኝ ስለ ፍርስራሹም ልጨምር። ቀደም ሲል ብዙ ካውንስሎች ለጡብ፣ ለሴራሚክና ለጂፕሰም ቦርድ ያስከፍሉ ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ግን በእንግሊዝ አንድ ቤተሰብ በራሱ እጅ ከሠራው ዕድሳት የወጣውን አነስተኛ ፍርስራሽ በነጻ ያስረክባል፤ ልኩ በአንድ ጉዞ ባለ 50 ሊትር ሁለት ከረጢት ወይም ከ2 ሜትር የማይረዝም አንድ ትልቅ ዕቃ ሲሆን፣ በአራት ሳምንት ውስጥ ከአራት ጉዞ መብለጥ የለበትም። ግንበኛ ቀጥረሽ ካሠራሽ ግን ፍርስራሹ የእሱ የንግድ ቆሻሻ ነው፤ ማስወገጃውን በዋጋው ውስጥ አስገብቶ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂው። ጂፕሰም ቦርዱን ከሌላው አትቀላቅዪ፤ ከሚበሰብስ ቆሻሻ ጋር ሲቀበር እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያመነጫል፣ ለብቻው ከተሰበሰበ ግን ተፈጭቶ እንደገና ጂፕሰም ቦርድ ይሆናል።

አንድ የማዝሽ ነገር አለ። የጋራዡ ጣሪያ በፎቶግራፉ ላይ ግራጫና ሞገድ ሞገድ ያለው ሆኖ አይቼዋለሁ። አስቤስቶስ የተባለው ቃጫ መሰል ማዕድን በዚህች አገር ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነውና ከዚያ በፊት በተሠራ ጋራዥ ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ ያለበት ሲሚንቶ ነው። ሳይነካ እስካለ ድረስ ብዙም አያሰጋም፤ ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ሲቦረቦር ግን የሚወጣው ብናኝ ሳንባን ይገድላል። ከሥሩ የወደቀ ስባሪ ብታገኚ በእጅሽ አታንሺው፣ አትጥረጊውም፤ መጀመሪያ ለካውንቲው ደውለሽ እንዴት እንደሚታሸግና በየትኛው ማዕከል በቀጠሮ እንደሚቀበሉት ጠይቂ።

ምንም ነገር ከመጣልሽ በፊት ደግሞ ማዕከሉ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ እንዳለው እዪ። አንዴ ኮንቴይነሩ ውስጥ የገባን ዕቃ መልሶ ማውጣት አይፈቀድም፣ ከተጣለ በኋላ የካውንስሉ ንብረት ነውና፤ ስለዚህ ደህናውን ወንበርና ብስክሌት ከመጣልሽ በፊት ነው ለሱቁ የምትሰጪው። አንቺ መንዳት የተማርሽባት ያቺ ቀይ ብስክሌት ከእንዲህ ያለ ሱቅ የመጣች ናት። አዲስ ናት ብዬሽ ነበር፤ ሰንሰለቷን የቀየርኩት ግን እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእናትሽ ጋር እንመጣለን፤ ጓንትና ጠንካራ ከረጢቶች እኔ እይዛለሁ። የማዕከሉን ሰዓት በስምሽና በፖስት ኮድሽ አንቺው አስይዢ፣ የካውንስል ታክስ ደረሰኝሽንም አዘጋጂ። ሶፋውን ለሁለት እናነሣዋለን፣ በመጀመሪያው ጉዞም እሱን እንሸኛለን። ለባለ ቫኑ ሰው እስከዚያ ምንም እንዳትሰጪው።

የሚወድሽ አባትሽ