የንባብና የሳይንስ ክበብ፦ ሼሪ በድሮ ጸሐፍት ብዕር

ክበባችን በየዓመቱ አንድ ርዕስ ይዞ ከሥነ ጽሑፍም ከሳይንስም በኩል ይመረምራል። የዘንድሮው ርዕስ በደቡብ ስፔን፣ በሄሬዝ ከተማ ዙሪያ የሚጠመቀው ሼሪ የተባለ የወይን ጠጅ ነበር። ጉዳዩ መጠጥ በመሆኑ አንዳንድ ወላጆች ሰግተው ነበር፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። እኛ ግን አነበብን እንጂ አልቀመስንም። ርዕሱን የመረጥነው ሰዎች ለዘመናት ስለ ሼሪ ስለጻፉና የጻፉትን በኬሚስትሪ መመዘን ስለሚቻል ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በሼክስፒር ተጀመረ። ፋልስታፍ የተባለው ገጸ ባሕርይ ይህ ወይን አእምሮን እንደሚስል፣ ደምን አሙቆ ፈሪውን ደፋር እንደሚያደርግ ይናገራል። አባላቱ ንግግሩን በሚኒ ሚዲያ በአማርኛ አቀረቡት። ያ ወይን ግን የዛሬው ሼሪ አይደለም፤ አሮጌውን ከአዲሱ በየደረጃው እያቀላቀሉ የማስረጀቱ ዘዴ፣ ሶሌራ፣ የተስፋፋው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ይበልጥ የያዘን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ነው። እንደ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቪዜቴሊ ያሉ ጸሐፍት ሄሬዝ ድረስ ሄደው ያዩአቸውን የሼሪ ዓይነቶች መዝግበዋል፦ ፊኖ ፈዛዛና ደረቅ፣ አሞንቲያዶ ጠቆር ያለና የለውዝ ዓይነት ጠረን ያለው፣ ኦሎሮሶ ደግሞ ወፍራምና ቡናማ። ከአንድ ማሳ የመጣ ጭማቂ ጎን ለጎን በተቀመጡ በርሜሎች ውስጥ ለምን የተለያየ ወይን እንደሚሆን ግን ለዘመኑ ሰዎች እንቆቅልሽ ነበር።

በዚህ ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጠላ አየር ካገኘ ይኮመጥጣል፤ ይሄ በጎደለ በርሜል እየተቀመጠ ለምን አልኮመጠጠም?» ብላ ጠየቀች። ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። መልሱን ፍለጋ ሳምንታት ወሰደ። ከፊኖው ላይ ፍሎር የሚሉት ነጭ የእርሾ ሽፋን ይበቅላል፤ ኦክስጅኑን ራሱ ስለሚጠቀምበት ወይኑ ፈዛዛ እንደሆነ ይቆያል። የአልኮሉ መጠንም 15 በመቶ አካባቢ ስለሚደረግ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች አይመቻቸውም። መጠኑ ወደ 17 በመቶ ከፍ ሲል እርሾው ራሱ ይሞታል፤ ወይኑ አየር እያገኘ ይጠቁርና ኦሎሮሶ ይሆናል። አሞንቲያዶ በፍሎር ሥር ጀምሮ ኋላ ሽፋኑን ያጣ ነው። በሄሬዝ አቅራቢያ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ በሳንሉካር አየሩ ቀዝቀዝና እርጥብ ስለሚል ሽፋኑ ወፍሮ ይቆያል፤ ማንዛኒያ የሚባለው ሼሪ የዚያ ነው።

እርሾ ስኳርን ሲያብላላ ጋዝ እንደሚያወጣ ለማየትም በቤተ ሙከራ የዳቦ እርሾና የስኳር ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርገን አፉ ላይ ፊኛ አሰርን፤ የተነፋውን ፊኛ በወላጆች ቀን አሳየን።

አባላቱ አሁን የድሮ ጽሑፍ ሲይዙ ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን በአንድ ዓምድ፣ የገመተውን በሌላ ዓምድ ይጽፋሉ። በመጪው ዓመት በዚሁ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ጠጃችን የጻፈውን እናነባለን። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው።