ማንኮራፋት ሁሉ የድካም አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

እዚህ ድሬዳዋ ሙቀቱ ሲበረታ ግቢ ውስጥ አንጥፈን ነው የምንተኛው። የባለቤቴን ማንኮራፋት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፣ «ደክሞት ነው» እንል ነበር። አንድ ሌሊት ግን ድምፁ ድንገት ቀጥ አለ። ደረቱ ይታገላል፣ ትንፋሽ የለም! ከ10 በላይ ቆጥሬ ልቀሰቅሰው ስል እንደታነቀ ሰው ተንፈራግጦ አየር ሳበ። መልሶ ተኛ፣ ደግሞ ቆመ።

ሐኪሙ የእንቅልፍ አፕኒያ ነው አለን። ጉሮሮ ላልቶ የአየር መንገዱን ሲዘጋው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ልብም ይጨነቃል። ካልታከመ ለደም ግፊት፣ ለልብ ምት መዛባትና ለስትሮክ ያጋልጣል።

በጣም የሚያሳስቡኝ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው። ሌሊቱን ትንፋሽ ሲያጥረው ያደረ ሰው ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ እሱም በጫት ሊገፋው ይሞክራል፤ ጫት ግን የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ ግፊቱንም ይጨምርበታል። እባካችሁ ስለዚህ ጻፉ። ሕክምና እኮ አለው፦ ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ለባሰበት ደግሞ በጭንብል አየር የሚገፋ መሣሪያ።

ባለቤቴ አሁን በጎኑ ነው የሚተኛው። ጀርባው ላይ ትራስ እደግፍለታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን